መሬቱ ሳይሸነሸን፦ በሚያድግ ካውንቲ የእግርና የብስክሌት መንገድ እንዴት ይታቀዳል?

በቨርጂኒያ የሚገኘው ላውደን ካውንቲ በ1990 (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) 86 ሺህ ያህል ነዋሪ ነበረው፤ በ2020 ቆጠራ ከ420 ሺህ አልፏል። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ማሳው ሰፈር፣ የግጦሹ መስክ የገበያ ማዕከል ሆኗል። በዚህ ሁሉ ግንባታ መሃል ግን ደብሊው ኤንድ ኦዲ የሚባለው የእግርና የብስክሌት መንገድ ከአርሊንግተን ተነስቶ በአሽበርንና በሊስበርግ አልፎ ፐርስልቪል ድረስ 45 ማይል ይዘልቃል። መንገዱ የተሠራበት፣ በ1968 ሥራ ያቆመው የባቡር መስመር መሬት ሳይሸነሸን እንዳለ ባይቆይ ኖሮ ይህ መንገድ ዛሬ አይኖርም ነበር። አስፋልት በማንኛውም ጊዜ ሊነጠፍ ይችላል፤ ቤት የተሠራበትን መሬት ማስመለስ ግን አይቻልም። ስለዚህ ሥራውን በዚህ ቅደም ተከተል ጀምሩ።

1. ካርታውን ከውሃው ጀምሩ

በመጀመሪያ ጅረቶቹን አስምሩ። ጎርፍ የሚተኛበት መሬት ለቤት ስለማይሆን ብዙ ጊዜ ባዶ ይቀራል፤ ላውደን ውስጥ እንደ ብሮድ ረን እና ጉስ ክሪክ ያሉት ሸለቆዎች ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። ከዚያ የቆዩ የባቡር መስመሮችን፣ የፍሳሽ ቱቦና የኤሌክትሪክ መስመር የሚያልፍባቸውን ቦታዎች ጨምሩ። የደብሊው ኤንድ ኦዲን መሬት ከባቡር ኩባንያው የገዛው የኤሌክትሪክ ድርጅት ነበር፤ ዛሬም ከላይ ሽቦው፣ ከሥር መንገደኛው አብረው ይሄዳሉ። በመጨረሻ ትምህርት ቤቱን፣ ቤተ መጻሕፍቱን፣ ገበያውንና የአውቶቡስ ፌርማታውን በነጥብ አመልክታችሁ ከመስመሩ ጋር አገናኙ።

2. በእግራችሁ ሂዱበት

ካርታ ላይ ደረቅ የሚመስል ቦታ ዝናብ በዘነበ ማግስት ቁርጭምጭሚት ድረስ ጭቃ ሊሆን ይችላል። ሜትር ይዛችሁ፣ ቦቲ ጫማ አድርጋችሁ ሂዱ። በተለይ ሣሩ ላይ በሰው እግር የተረገጠ ቀጭን የአፈር መስመር ስታገኙ ቆም በሉ። ልጆች ከቤታቸው ጓሮ ተነስተው፣ በአጥሩ ክፍተት ሾልከው ትምህርት ቤት የሚሄዱት በዚያ ነው። ሕዝቡ መንገዱን ከእናንተ በፊት አቅዶታል፤ ፎቶ አንሱት፣ ካርታው ላይ አስገቡት።

3. መሬቱን ለመንገዱ ቶሎ አስከልሉ

ዋናው ሥራ ይህ ነው። ሦስት መንገዶች አሉ፦

• ግዢ፦ ገንዘብ ካለና ባለቤቱ ከፈቀደ።
• የመተላለፊያ መብት፦ መሬቱ የባለቤቱ እንደሆነ ይቀራል፤ ሕዝቡ በውል በተከለለው መስመር ብቻ ያልፋል።
• የአልሚ ግዴታ፦ በቨርጂኒያ አንድ አልሚ የእርሻ መሬት ወደ መኖሪያ እንዲለወጥለት ሲያመለክት «ፕሮፈር» የሚባል፣ በራሱ ፈቃድ የሚገባውን ግዴታ ማቅረብ ይችላል። መስመራችሁ በጸደቀ ዕቅድ ላይ ካለ አልሚው መሬቱን ለመስጠት ወይም መንገዱን ራሱ ለመሥራት ምክንያት ያገኛል። ዕቅዱ ላይ ከሌለ ግን የምትጠይቁበት መሠረት የላችሁም።

4. ጎረቤቱን ቀድማችሁ አነጋግሩ

ጓሮው ከመስመሩ ጋር የሚዋሰን ሰው ስለ ሌባ፣ ስለ ጫጫታና ስለ ግላዊ ኑሮው ይሰጋል። ስጋቱን አታጣጥሉት። ደብዳቤ ከመላክ በፊት በሩን አንኳኩ፤ ዛፍ የት እንደሚተከል፣ አጥር የት እንደሚቆም አብራችሁ ወስኑ። በሰሜን ቨርጂኒያ ብዙ አማርኛ ተናጋሪ ቤተሰብ ስላለ የስብሰባውን ጥሪ በአማርኛም ጻፉ፤ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ በኩልም አድርሱ። ብዙዎቹ አረጋውያን ወላጆቻችን መኪና አይነዱም፤ ከሁሉ በላይ መንገዱ የሚያስፈልጋቸው እነሱ ናቸው።

5. ልኩን አታሳንሱ

እግረኛና ብስክሌተኛ በጋራ የሚሄዱበት መንገድ ቢያንስ 3 ሜትር ይስፋ፤ ግራና ቀኙ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ደልዳላ ዳር ይኑረው። ተዳፋቱ ከመቶ 5 ባይበልጥ ለተሽከርካሪ ወንበር ምቹ ነው። ወደ ጎን ያለው ዘንበላ ከመቶ 2 አይለፍ፤ ከዚያ ካለፈ ወንበሩ ወደ ዳር ይጎተታል። ሰው ሲበዛ መለየት ይሻላል፤ በፎልስ ቸርች ከተማ ደብሊው ኤንድ ኦዲ ለብስክሌት አንድ፣ ለእግረኛ አንድ ተደርጎ ለሁለት የተከፈለበት ቦታ አለ።

6. መሻገሪያውን በቅድሚያ አስቡ

አሥር ማይል ያማረ መንገድ ስድስት ረድፍ መኪና የሚያልፍበት አውራ ጎዳና ላይ ቢቋረጥ እናት ልጇን ይዛ አትወጣም። አውራ ጎዳናው ሲሰፋ ከሥሩ መተላለፊያ እንዲሠራ በዚያው ዲዛይን ላይ ጠይቁ፤ ጎዳናው ከተጠናቀቀ በኋላ ዋጋው እጅግ ይንራል።

7. በምዕራፍ ሥሩ፣ ለጥገናውም በጀት ያዙ

የደብሊው ኤንድ ኦዲ የመጀመሪያው ክፍል በ1974 ፎልስ ቸርች ውስጥ ተከፈተ፤ ፐርስልቪል የደረሰው በ1988 ነው። አሥራ አራት ዓመት ፈጅቷል። ስለዚህ ሰው ዛሬውኑ የሚጠቀምበትን፣ ትምህርት ቤትን ከሰፈር የሚያገናኘውን ክፍል አስቀድሙ። የዛፍ ሥር አስፋልት ያነሣል፣ ቅጠል ቱቦ ይደፍናል፣ ጎርፍ ዳሩን ይበላል። ጠራጊውና ጠጋኙ በየዓመቱ በጀት ላይ ይኑሩ።

በሚቀጥለው የካውንቲ ስብሰባ አንድ ማሳ ወደ መኖሪያ እንዲለወጥ ማመልከቻ ሊቀርብ ይችላል። ያን ዕለት መስመራችሁ የተሠመረበትን ካርታ ይዛችሁ አዳራሹ ውስጥ ተገኙ።