የምትነክስ ድመትን ስለ ማላመድ

«ድመት መንኩሳ ዐመሏን አትረሳ» ይባላል። እውነትም ድመት አይጥ ማደንን አትረሳም፤ አለመርሳቷም ለባለ ጎተራው ጥቅም ነው። ነገር ግን የሰው እጅ ሲነካት መንከሷ ከፍርሃት የሚመጣ ነው፤ ፍርሃትም በትዕግሥት ይለቃል።

ድመት ከሰው ጋራ መኖር የጀመረችው በጥንት ዘመን ነው። በቆጵሮስ ደሴት 9500 ዓመት ያህል የሆነው የድመት መቃብር ከሰው መቃብር አጠገብ ተገኝቷል። ሰው እህል ባከማቸ ጊዜ አይጥ ወደ እህሉ፥ ድመትም ወደ አይጡ መጣች። በጣና ዳር ዳጉሳና ጤፍ የሚያከማች ገበሬም ድመት የሚያሳድገው ስለዚሁ ነው።

ግልገሏ ስለ ምን ትነክሳለች? ትንሽ እንስሳ ከላይ የሚወርድባትን ሁሉ እንደ ጭልፊት ትፈራለች። ልጅ ጅራቷን ይዞ ቢያነሣት ለማምለጥ ትነክሳለች፤ ስለ ነከሰችም ቢመታት፥ እጅ ክፉ ነገር እንደ ሆነ ዳግመኛ ትማራለች።

ስለዚህ የሚያላምዳት ሰው እንዲህ ያድርግ።

1ኛ፤ ከተወለደች ከ2ኛው እስከ 7ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ይጀምር፤ ያን ጊዜ ሰውን መልመድ ይቀላታልና። ከእናቷ ግን ያለ ጊዜዋ አይለያት።

2ኛ፤ ምግብ መብላት ስትጀምር ከአጠገቧ ዝቅ ብሎ ይቀመጥ፤ አጥንቱ የወጣለት የበሰለ ዓሣ በመዳፉ ይዞ ራሷ እስክትመጣ ዝም ብሎ ይጠብቅ።

3ኛ፤ ማሽተት ከለመደች በኋላ ጉንጯን ቀስ ብሎ ይደባብስ። ጆሮዋን ወደ ኋላ ብታጥፍ ወይም ጅራቷን ብታወናጭፍ እጁን ይመልስ።

4ኛ፤ ሲያነሣት አንዱን እጅ ከደረቷ፥ ሁለተኛውን ከኋላ እግሮቿ በታች ያድርግ፤ ልትወርድ ስትፈልግም ይልቀቃት። በጣቱ አያጫውታት፤ ጣትን መንከስ ጨዋታ ይመስላታልና።

ድመት ሰውን ብትነክስ ግን ነገሩ እንደ ቀላል አይታይ። የእብድ ውሻ በሽታ በድመትም ይተላለፋል፤ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ አጥቦ፥ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል። በ1877 ዓ.ም. ሉዊ ፓስተር የተባለው የፈረንሳይ ሊቅ ያበደ ውሻ የነከሰውን የ9 ዓመት ልጅ ከተበው፤ ልጁም በበሽታው ሳይያዝ ቀረ። የተነከሰ ልጅ መመታትን ፈርቶ ቁስሉን ቢሸሽግ ግን ይህ መድኃኒት አይደርስለትም። እንግዲህ ወላጆችና አስተማሪዎች ልጁን ከመቆጣት አስቀድመው ያሳክሙት፤ ለድመቲቱ የሚገባው ትዕግሥት ለልጁ አብልጦ ይገባዋልና።

ጥያቄ፤ ግልገል ድመት ስለ ምን ትነክሳለች? ሲያነሧት እንዴት ትያዛለች? የተነከሰ ሰው በመጀመሪያ ምን ያደርጋል?