የቪዛ ቀን ሲያልፍ ምን ይከተላል?



በዛሬው ትምህርታችን የምንመለከተው ጉዳይ በመሐል ሜዳም ሆነ በሞላሌ፣ በራቤልም ሆነ በዓለም ከተማ፣ ወጣቶች በተሰበሰቡበት ሁሉ ሳይነሣ የማይቀር ነው። ይኸውም በጎብኚ ቪዛ ወደ ውጭ አገር ሄዶ ቀኑ ካለፈ በኋላ እዚያው ተደብቆ የመኖር ነገር ነው። ስደትን በጅምላ ለማውገዝ አልተነሣንም። በየዓመቱ ከመስከረም 26 ቀን ጀምሮ በጽጌ ወራት የእመቤታችንን ከልጇ ጋር ወደ ግብፅ መሰደድ የምናስብ ስለሆንን፣ ስደተኛን መናቅ ለእኛ አይገባም። የምንጠይቀው፣ በጎብኚ ወረቀት የሄደ ሰው ቀኑ ሲያልፍበት በእርግጥ የሚያጣው ምንድን ነው ብለን ነው።

ቪዛ ማለት ለተወሰነ ጉዳይና ለተወሰነ ቀን የተሰጠ ፈቃድ ነው። የመንዝ ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻውም። አባቶቻችን የጓሳን ሣር ለብዙ መቶ ዓመታት የጠበቁት ለዓመታት ከልለው፣ በተወሰነ ጊዜ ብቻ እየከፈቱ ነበር። በተከፈተበት ቀን ለቤቱ ክዳን ያጨደ ባለመብት ነው፤ ከተከለለ በኋላ ግን ያው ሰው ያንኑ ማጭድ ይዞ ቢገኝ ጥፋተኛ ነው። ሰውዬው አልተለወጠም፣ ሣሩም አልተለወጠም፤ የተለወጠው ቀኑ ብቻ ነው። የጎብኚ ቪዛም እንዲሁ ነው።

ስለ ቀን ካነሣን ዘንድ ብዙዎች የሚሰናከሉበትን ነገር እንግለጽ። በፓስፖርት ላይ የሚመታው ቀን በፈረንጆች አቆጣጠር ስለሆነ ከእኛ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ይለያል። አሜሪካኖች ደግሞ ወሩን ከቀኑ ያስቀድማሉ፤ በእነርሱ አጻጻፍ 05/04 ማለት ሜይ 4 እንጂ ኤፕሪል 5 አይደለም። ከዚህም ሌላ በአሜሪካ ቪዛው ላይ የተጻፈው የመጨረሻ ቀን ወደ አገሩ በር ለመድረስ የሚያገለግል እንጂ እዚያ የመቆያ ቀን አይደለም። የመቆያውን ቀን የሚወስነው በመግቢያው ላይ ያለው ሹም ሲሆን፣ የሚመዘገበውም አይ ዘጠና አራት በሚባለው መዝገብ ነው። ስለዚህ ቪዛው ገና ብዙ ዓመት እያለው መቆያው ያለፈበት ሰው ሊኖር ይችላል። ይህን ሳያውቅ የሚኖር ብዙ ነው።

አሁን ወደ ዱባይ እንምጣ፤ የብዙ ወጣት ዓይን ወደዚያ ነውና። ደላላው የሚናገረው አንድ ዓይነት ነው፤ «በጉብኝት ቪዛ ግባ፣ እዚያው ወደ ሥራ ቪዛ ትቀይረዋለህ» ይላል። ይህ ቃል ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው የሚያታልለው። መቀየር የሚቻለው ፈቃድ ያለው አሠሪ ተገኝቶ፣ የሥራ ፈቃድ አውጥቶ፣ ወጪውንም ሲሸፍን ነው። የጉብኝት ቪዛ ብዙውን ጊዜ የ30 ወይም የ60 ቀን ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ እንዲህ ያለ አሠሪ ካልተገኘ፣ ከማግሥቱ ጀምሮ በቀን 50 ድርሃም ቅጣት ይቆጠራል። ስድስት ወር፣ ማለት 180 ቀን የቆየ ሰው 9,000 ድርሃም ዕዳ አለበት ማለት ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ስለተደረገ፣ በድርሃም ያልጨመረው ዕዳ እንኳ ብር በተዳከመ ቁጥር ለከፋዩ ቤተሰብ ይጨምራል። ለጉዞው በሬ የሸጠ አባት ለመመለሻው ምን ይሸጣል?

በእኛ አስተያየት ግን ከገንዘቡ የሚከፋ አለ፤ እርሱም የመክሰስ አቅም መጥፋት ነው። በነሐሴ 2016 ዓ.ም. በወጣው የኤምሬትስ ሕግ መሠረት ያለ ፈቃድ ሰው የሚያሠራ አሠሪ ከ100,000 እስከ 1 ሚሊዮን ድርሃም ይቀጣል። ይህ ሕግ ለሠራተኛው ጥበቃ ይመስላል፤ ነገር ግን ውጤቱን እናስተውል። ሕግ አክባሪው አሠሪ ፈርቶ ይሸሻል፤ የሚቀረው ቅጣቱን የማይፈራ፣ የሚሸከመውንም አደጋ ከሠራተኛው ደመወዝ ላይ የሚያካክስ ነው። ሦስት ወር ሠርታ ደመወዟን የተከለከለች እኅት ቪዛዋ ካለ ለሥራ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ማመልከት ትችላለች። ቀኑ ካለፈባት ግን ለማመልከት የምትሄድበት ደጅ ራሱ የምትያዝበት ደጅ ሊሆን ስለሚችል ዝም ትላለች። አሠሪውም ዝም እንደምትል ያውቃል። ሆስፒታል ለመሄድ፣ ቤት ለመከራየት፣ ገንዘብ በባንክ ለመላክ ሁሉ ወረቀት ይጠየቃል። አባት ቢሞት ለቅሶ መድረስ አይቻልም፤ የወጣ ሰው ተመልሶ መግባቱ አጠራጣሪ ነውና። ስም ለውጦ በአዲስ ፓስፖርት እመለሳለሁ የሚል ካለ፣ የጣትና የዓይን አሻራ ስም እንደማያይ ይወቅ።

ሆኖም ወረቀት ያለፈበት ሁሉ በራሱ ጥፋት ነው ብለን መፍረድ የለብንም። ከፋላ በሚባለው ሥርዓት የሠራተኛ የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪው ጋር የታሰረ ስለሆነ፣ በደል በዝቶባት ከቤት ጠፍታ የወጣች ሴት በዚያው ቀን ሕገ ወጥ ትባላለች። በ2012 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ የሊባኖስ ኢኮኖሚ ሲወድቅ፣ አሠሪዎች ኢትዮጵያውያት ሠራተኞችን በቤይሩት በኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ጥለው ሄደዋል። ፓስፖርታቸው በእጃቸው ያልነበረ፣ ደመወዛቸውም ያልተከፈለ ብዙዎች ነበሩ።

መንግሥታት አልፎ አልፎ የምሕረት ጊዜ ያውጃሉ። ሳዑዲ ዓረቢያ በ2005 ዓ.ም. የጀመረችው የምሕረት ጊዜ ጥቅምት 24 ቀን 2006 ዓ.ም. ሲያበቃ፣ በማግሥቱ አፈሳው ተጀመረ። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ብዙዎቹም ከለበሱት ልብስ በቀር የያዙት አልነበረም። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስም ከነሐሴ 26 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለሁለት ወር ያወጀችውን ምሕረት እስከ ታኅሣሥ 22 ቀን 2017 ዓ.ም. አራዝማ ነበር። በዚያ ጊዜ ያመለከተ ሰው ቅጣቱ ተሰርዞለት ወይ ወረቀቱን ያስተካክላል፣ ወይ የመመለሻ እገዳ ሳይጣልበት ይወጣል። እንዲህ ያለ አዋጅ ሲወጣ «ይራዘማል» እያሉ መጠበቅ አደገኛ ነው፤ አንድ ጊዜ ስለተራዘመ ሁልጊዜ አይራዘምም።

በአሜሪካ ቅጣቱ በገንዘብ ሳይሆን በዓመት ነው። በፈረንጆች 1996 በወጣው ሕግ መሠረት ከ180 ቀን በላይ፣ ከአንድ ዓመት በታች ያለ ፈቃድ ቆይቶ የወጣ ሰው ሦስት ዓመት፣ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ የቆየ ደግሞ ዐሥር ዓመት እንዳይመለስ ይታገዳል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልላችን በተነሣው ግጭት ምክንያት መመለስን በእውነት የሚፈራ ሰው ካለ፣ ጥገኝነት መጠየቅ እንጂ መደበቅ መፍትሔው አይደለም። በአሜሪካ ይህ ጥያቄ በአጠቃላይ ከገቡበት ቀን አንሥቶ በአንድ ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ተደብቆ ዓመቱን ያሳለፈ ሰው በሩን በራሱ ላይ ይዘጋል። ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ኤምሬትስና ሊባኖስ ግን የስደተኞችን ዓለም አቀፍ ስምምነት ስላልፈረሙ ይህ መንገድ እንዳለ አድርጎ ወደዚያ መሄድ ስሕተት ነው።

ለትንሣኤ ኢየሩሳሌምን ለመሳለም የሚሄዱ ምእመናን የሚይዙትም የጎብኚ ፈቃድ ነው፤ ሥራ አይፈቅድም። ዴር ሱልጣንን ተሳልሞ እዚያው የሚቀር ሰው ራሱን ብቻ አይጎዳም። ቆንስላው በሚቀጥለው ዓመት አመልካቾች ላይ ጥርጣሬው ይጠነክራል፤ ዕድሜ ልካቸውን ለዚህ ጉዞ ያጠራቀሙ እናት ከእርሱ የተነሣ ሊከለከሉ ይችላሉ።

ለሥራ መሄድ የወሰነ ወጣት ሕጋዊ መንገድ አለው። ፈቃድ ባለው ኤጀንሲ ሲኬድ የቪዛውን፣ የደርሶ መልስ ትኬቱን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃዱን እንዲሁም የኢንሹራንሱን ወጪ የሚሸፍነው አሠሪው ነው። ሠራተኛው የሚከፍለው ለፓስፖርት፣ ለሕክምና ምርመራና ለመሳሰሉት ነው። ስለዚህ ለቪዛና ለትኬት ብር አምጣ የሚል ሰው ሲመጣ፣ የወረዳውን የሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት ስለ ኤጀንሲው ፈቃድ መጠየቅ ይገባል። ይህ መንገድ ቀርፋፋ መሆኑን አንክድም፤ ወራት ይፈጃል፤ ደላላው የሚያሸንፈውም በዚህ ነው።

ቀኑ ገና ያላለፈበት ሰው ከማለቁ በፊት ማስረዘም ወይም መውጣት ይችላል። ያለፈበትም ቢሆን ነገሩ አልጠፋም፤ ፓስፖርት የሌለው በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ሊሴ ፓሴ የሚባለውን የመመለሻ ወረቀት ሊጠይቅ ይችላል። በዚያ ጊዜ ኢትዮጵያዊነቱን ማስረዳት ስለሚኖርበት፣ ማንም ሰው ከመሄዱ በፊት የፓስፖርቱንና የመታወቂያውን ኮፒ በቤተሰቡ እጅ ይተው፤ ከደረሰ በኋላም የመግቢያ ማኅተም ያለበትን ገጽ በስልኩ አንሥቶ ይላክላቸው። ይህን ኮፒ የሚያስቀምጡለት ሰዎች ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ቀይረው ግድግዳ ላይ ቢጽፉት፣ እርሱ እንኳ ሥራ ፍለጋ ሲዋትት ቢረሳው እነርሱ ደውለው ያስታውሱታል።