ቡልጋሪያ ውስጥ ቤት ከነግቢው መግዛት እችላለሁ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ጀርመን ነው፤ ፓስፖርቴ ግን የኢትዮጵያ ነው። ቡልጋሪያ ገጠር ውስጥ ሰፊ ግቢ ያለው ቤት በርካሽ አግኝቼ ቀብድ ልከፍል ነው። ሕጉ ይፈቅድልኛል?

መልስ፦ ቀብዱን ለጊዜው ያቆዩት። ቤቱን በስምዎ መግዛት ይችላሉ፤ መሬቱን ግን አይችሉም። የሚታየው ዜግነትዎ እንጂ የጀርመን መኖሪያ ፈቃድዎ አይደለም። በቡልጋሪያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 22 መሠረት የውጭ ዜጋ የመሬት ባለቤት የሚሆነው አገሪቱ የአውሮፓ ኅብረት አባል ስትሆን በገባችው ግዴታ፣ በጸደቀ ዓለም አቀፍ ስምምነት ወይም በሕግ በሚተላለፍ ውርስ ነው። ለኅብረቱ ዜጎች የመኖሪያ ቤት መሬት ከ2012፣ የእርሻ መሬት ደግሞ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተከፍቶላቸዋል።

አፓርታማ ቢሆን ነገሩ ይቀልልዎ ነበር። ግቢ ላለው ቤት ብዙዎች እዚያው ኩባንያ አቋቁመው መሬቱን በኩባንያው ስም ይገዛሉ። ሕጋዊ ነው፤ ነገር ግን የሒሳብ ሠራተኛ ወጪና ዓመታዊ ሪፖርት ይከተለዋል። በወዳጅ ስም መግዛትን ፈጽሞ አልመክርዎትም፤ ክርክር ቢነሳ ባለቤት ተብሎ የሚታወቀው መዝገብ ላይ የሰፈረው ሰው ነው።

ሽያጩ የሚጸናው ኖተሪ ፊት ሲፈረም ነው። ከዚያ በፊት የሻጩ ሳይሆን የራስዎ ጠበቃ የንብረት መዝገቡን አይቶ ዕዳም እገዳም እንደሌለበት በጽሑፍ ያረጋግጥልዎ።