ጸጋ ምርቃት አይደለም

በመርካቶ እህል በረንዳ ሽንብራ ወይም ምስር የሸመተ ሰው፣ ሚዛኑ ሞልቶ ዋጋው ከተከፈለ በኋላ «መርቅልኝ እንጂ» ማለቱ የታወቀ ነው። ነጋዴውም አንድ እፍኝ ይጨምርለታል። ብዙዎቻችን የእግዚአብሔርን ጸጋ በዚሁ ዓይን እንመለከታለን፤ በጾም፣ በምጽዋትና በስለት ዋጋውን እኛ ከፍለን፣ እርሱ ጥቂት እንዲመርቅልን እንጠብቃለን። ስለዚህም «የምከፍለው የለኝም» ብሎ ከምስጢረ ንስሐ የሚሸሽ ምእመን አለ።

ቤተ ክርስቲያን ግን እንዲህ አታስተምርም። የትሬንቶ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1547 እንደ ደነገገው፣ ከመጽደቅ በፊት የሚገኝ እምነትም ሆነ ሥራ የመጽደቅን ጸጋ በዋጋ አያስገኝም። ብዙ መወጋገዝ ባስከተለው በዚህ ጉዳይ፣ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንና የዓለም ሉተራን ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 31 ቀን 1999 በጀርመን አገር በአውግስቡርግ ከተማ የጋራ መግለጫ ፈርመው በመሠረታዊው እውነት ተስማምተዋል። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን የፌዴሬሽኑ አባል ናትና ስምምነቱ ለእኛም አገር ቅርብ ነው።

ታዲያ መልካም ሥራ ከንቱ ነውን? አይደለም። በቋንቋችን የተተከለ ችግኝ ሥር ሲይዝ «ጸደቀ» እንላለን። ችግኙ ራሱን አልተከለም፤ ከጸደቀ በኋላ ግን ፍሬው በእርሱ ላይ ይታያል። ቅዱስ ጳውሎስም (ኤፌ. 2፡8-10) ጸጋን አስቀድሞ መልካም ሥራን ያስከትላል። በምስጢረ ንስሐም ሥርዓቱ ይኸው ነው፤ ካህኑ የሰጠን ቀኖና የሚፈጸመው የኃጢአትን ስርየት ከተቀበልን በኋላ ነው።