ከአውሮፕላንና ከመርከብ የሚወርዱ መንገደኞችና ሠራተኞች ሊያደርጉት የሚገባ ጥንቃቄ

ኮቪድ-19 ከአገር ወደ አገር የሚሻገረው ከሰው ጋር ተጉዞ ነው። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የበሽታው ተጠቂ መገኘቱ ይፋ የሆነው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲሆን፣ ግለሰቡ ወደ አገር የገባው የካቲት 25 ቀን ነበር። በመግቢያው ዕለትና ውጤቱ ይፋ በሆነበት ዕለት መካከል ዘጠኝ ቀናት አልፈዋል። የመንገደኛው ኃላፊነት ከአውሮፕላን ማረፊያው በር ሲወጣ የማያበቃው በዚህ ምክንያት ነው።

የሙቀት ልኬት ብቻውን ለምን አይበቃም?

ቫይረሱ ወደ ሰውነት ከገባ በኋላ የሕመም ምልክት እስኪታይ ድረስ በአማካይ ከ5 እስከ 6 ቀናት፣ አንዳንድ ጊዜም እስከ 14 ቀናት ይወስዳል። ስለሆነም ከትናንት በስቲያ የተያዘ ሰው ዛሬ በሙቀት መለኪያ ፊት ሲያልፍ ጤናማ ሆኖ ሊታይ ይችላል። ጭራሽ ምልክት ሳያሳዩ ቫይረሱን የሚያስተላልፉ ሰዎችም አሉ። የትኩሳት ማስታገሻ የወሰደ መንገደኛም ሙቀቱ ለጊዜው ስለሚቀንስ፣ መድኃኒት መውሰዱን ለጤና ባለሙያው መናገር ይኖርበታል።

ከአንድ መርከብ የተገኘ ትምህርት

ጥር 16 ቀን 2012 ዓ.ም. አንድ መንገደኛ ዳያመንድ ፕሪንሰስ ከተባለች የመዝናኛ መርከብ ሆንግ ኮንግ ላይ ወረደ። ቫይረሱ እንዳለበት በምርመራ የተረጋገጠው ከቀናት በኋላ ሲሆን፣ መርከቧ ግን ጉዞዋን ቀጥላ ነበር። ጃፓን ዮኮሃማ ወደብ ስትደርስ ተሳፋሪዎቹ ከጥር 27 ቀን ጀምሮ በየክፍላቸው ተለይተው እንዲቆዩ ተደረገ። በመርከቧ ከነበሩት 3,711 ሰዎች መካከል 712ቱ በቫይረሱ ተይዘዋል። ተሳፋሪዎቹ በየክፍላቸው ሲቆዩ ሠራተኞቹ ምግብ ማዘጋጀትና ማደል ነበረባቸው፤ ከተያዙትም መካከል እነርሱ ይገኙበታል። ጥንቃቄው መንገደኛውንና ሠራተኛውን በእኩል ማካተት እንዳለበት ይህ ያሳያል።

በመውረጃ ሰዓት

• አውሮፕላኑ እንደቆመ መተላለፊያው ላይ መጨናነቅ አይገባም። መንገደኞች የአፍና አፍንጫ መሸፈኛቸውን ሳያወልቁ፣ ተራቸው እስኪደርስ ተቀምጠው ይጠብቁ።
• ትኩሳት፣ ሳል ወይም የመተንፈስ ችግር ያለበት ሰው ከመውረዱ በፊት ለበረራ አስተናጋጅ ወይም ለመርከቡ ኃላፊ ያሳውቅ። አብራሪው ወይም የመርከቡ አዛዥ አስቀድሞ ሲያሳውቅ የጤና ባለሙያዎች ተዘጋጅተው ይጠብቃሉ።
• የጤና መረጃ ቅጽ ከተሰጠ የሚሠራ ስልክ ቁጥር፣ ትክክለኛ የማረፊያ አድራሻና የመቀመጫ ቁጥር ይሞላ። በአውሮፕላን ውስጥ ሕመምተኛ ከተገኘ በቅድሚያ የሚፈለጉት ከእርሱ በሁሉም አቅጣጫ በሁለት መቀመጫ ርቀት ውስጥ የነበሩ መንገደኞችና ያስተናገዷቸው ሠራተኞች ናቸው። መቀመጫ የቀየረ ሰው ይህንኑ ካላስታወቀ የሚፈለገው ሰው ሳይገኝ ይቀራል።
• ሻንጣ ከተረከቡ በኋላ እጅን በሳሙናና በውኃ መታጠብ ወይም በሳኒታይዘር ማጽዳት ያስፈልጋል።

ከወረዱ በኋላ

ከመጋቢት 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ከውጭ የሚገቡ መንገደኞች ለ14 ቀናት በለይቶ ማቆያ እንዲቆዩ ተወስኖ የነበረው፣ ምልክት እስኪታይ የሚወስደው ጊዜ እስከዚያ ሊደርስ ስለሚችል ነበር። ለይቶ ማቆያ ቅጣት አይደለም፤ በዚያ የቆየ ሰውም በበሽተኝነት ሊፈረጅ ወይም ሊገለል አይገባም።

ለዓመታት በሰው አገር የቆየን ልጅ በር ላይ ተቀብሎ አለማቀፍ ለእናት ከባድ ነው። ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ «እንኳን ለቤትህ አበቃህ» ማለትም የኖረ ባህላችን ነው። ይሁን እንጂ በሽታው ይበልጥ የሚበረታው በአረጋውያንና ተጓዳኝ ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ ስለሆነ፣ በዚያ እቅፍ ይበልጥ የምትጎዳው እናቲቱ ልትሆን ትችላለች። ቤተሰብ ናፍቆቱን በስልክ እየተወጣ፣ የአቀባበሉን ዝግጅት ለጥቂት ቀናት ቢያቆየው የመጣውንም የጠበቀውንም ይታደጋል።

ከጉዞ በኋላ ምልክት የታየበት ሰው በታክሲ ወይም በአውቶቡስ ወደ ጤና ተቋም ከመሄዱ በፊት በነፃ የስልክ መስመር 8335 ደውሎ ምክር ይጠይቅ።