የብስክሌት ፍጥነት በቁልቁለት ላይ፦ ከደጀን እስከ ዓባይ ድልድይ ያለው መንገድ እንደ ማሳያ

መግቢያ

ከደብረ ማርቆስ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው አውራ ጎዳና እስከ ደጀን ድረስ በአብዛኛው በደጋው ሜዳ ላይ ይጓዛል። ደጀንን እንዳለፈ ግን እየተጠማዘዘ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርድና በሸለቆው ውስጥ ከዓባይ ድልድይ ይደርሳል። ከካይሮ ተነሥተው እስከ ኬፕታውን የሚዘልቁ ብስክሌተኞች በዚህ ሸለቆ ሲያልፉ አብዝተው የሚያነሡት ከድልድዩ ወዲያ ያለውን የጎሐ ጽዮን አቀበት ነው። አቀበቱ ጉልበት ይፈታል፤ ለሕይወት የሚያሰጋው ግን ቁልቁለቱ ነው። ይህ ጽሑፍ ፍጥነት ደስታም አደጋም የሚሆንበትን ምክንያት በዚሁ መንገድ አስረጅነት ይመረምራል።

የፍጥነቱ ምንጭ

ቁልቁል የሚወርድን ብስክሌት የምድር ስበት ወደ ፊት ይስበዋል፤ አየሩ ደግሞ ይገታዋል። ሁለቱ ኃይሎች ሲመጣጠኑ ፍጥነቱ መጨመሩን ያቆማል። በደብረ ማርቆስና በደጀን ከፍታ፣ ማለትም በ2,400 ሜትር ገደማ፣ የአየሩ እፍጋት ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ያህል ስለሚያንስ የመግታት አቅሙም ያንሳል። ነጂውና ብስክሌቱ በድምሩ 80 ኪሎ ግራም ይመዝናሉ፣ የመንገዱም ዘንበልታ 7 በመቶ ነው ቢባል፣ ቀጥ ብሎ የተቀመጠ ነጂ በባሕር ጠረፍ በሰዓት 46 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ሲረጋ በደጋው 52 ይደርሳል። ደረቱን ወደ መሪው ዝቅ ካደረገ ፔዳል ሳይመታ 60ን ያልፋል።

የደስታው ምንጭ

አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ምሁር ማርቪን ዙከርማን አዲስና ብርቱ ስሜትን መሻት የሰው ባሕርይ አንድ መለያ መሆኑን፣ አንዳንዶችም ለዚህ ሲሉ አካላዊ አደጋን እንደሚቀበሉ አስረድቷል። በፍጥነት ጊዜ አድሬናሊን በደም ውስጥ ይበዛል፣ የልብ ምት ይጨምራል፣ ትኩረት ይሰበሰባል። ነገር ግን ዓይን ፍጥነትን ይለምዳል። ለደቂቃዎች በ60 የወረደ ሰው ወደ 40 ሲቀንስ የሚያዘግም ይመስለዋል። በመሆኑም ከጥምዝ ሲቃረብ በቂ ፍሬን የያዘ እየመሰለው ከሚገባው በላይ ፈጥኖ ይገባል።

የአደጋው መንገዶች

የመጀመሪያው የመቆሚያ ርቀት ነው። የእንቅስቃሴ ጉልበት በፍጥነት ስኩዌር ስለሚያድግ ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በደረቅ አስፋልት፣ በ8 በመቶ ቁልቁለት፣ ጥሩ ፍሬን ያለውና በአንድ ሰከንድ ውስጥ የሚነቃ ነጂ በ30 ፍጥነት ለመቆም 17 ሜትር ያህል ሲበቃው በ60 ግን 50 ሜትር ያህል ያስፈልገዋል። ዝናብ የፍሬኑን አቅም በግማሽ ቢቀንሰው ርቀቱ ወደ 100 ሜትር ይጠጋል። የክረምት ጉም በሸፈነው መንገድ ደግሞ ከፊት ያለው የጭነት መኪና ወይም የከብት መንጋ ከዚያ በጣም ቀርቦ ሊታይ ይችላል።

ሁለተኛው ጥምዙ ነው። ሬዲየሱ 20 ሜትር በሆነ ጥምዝ ላይ ጎማው ሳይንሸራተት የሚያልፍበት ፍጥነት በደረቅ መንገድ እንኳ ከ36 ኪሎ ሜትር ብዙ አይርቅም፤ ጠጠር ከተበተነበት በእጅጉ ያንሳል። የዓባይ ሸለቆ ተዳፋት ለመሬት መንሸራተት የተጋለጠ በመሆኑ አስፋልቱ በየቦታው ይሰነጠቃል፣ ይሰምጣልም፤ በፍጥነት ለሚወርድ ቀጭን ጎማ ይህ ራሱን የቻለ ወጥመድ ነው።

ሦስተኛው ሙቀት ነው። 80 ኪሎ ግራም 1,000 ሜትር ሲወርድ የሚለቀቀው ጉልበት ሁለት ሊትር ተኩል ያህል ቀዝቃዛ ውኃ ያፈላል። አየሩ ከፊሉን ይወስዳል፤ ፍሬኑን ሳይለቅ ለሚወርድ ሰው ግን አብዛኛው ሙቀት ወደ ቸርኬውና ወደ ፍሬኑ ጎማ ይሄዳል። የጋለ ቸርኬ የውስጥ ጎማን ሊያፈነዳ ይችላል።

የራስ ቁር ጥቅምና ወሰን

በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘው ጣሊያናዊ ፋቢዮ ካዛርቴሊ በሐምሌ 1987 ዓ.ም. በቱር ደ ፍራንስ ቁልቁለት ላይ ወድቆ ሞተ፤ የራስ ቁር አላደረገም ነበር። ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር ቁሩን በትልልቅ ውድድሮች ግዴታ ያደረገው በ1995 ዓ.ም. ሌላ ተወዳዳሪ ከሞተ በኋላ ነው። ኦሊቪየርና ክሬይተን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጡት የጥናቶች ቅንብር ቁሩ ከከባድ የጭንቅላት ጉዳት ጋር ያለው ቁርኝት የ69 በመቶ ቅነሳ መሆኑን አሳይቷል። ሆኖም በአውሮፓ ደረጃ ቁሩ የሚፈተነው ከአንድ ሜትር ተኩል ያህል ከፍታ፣ ማለትም በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ ግጭት ነው። መሬት ላይ ለመውደቅ እንጂ በ60 ፍጥነት ከድንጋይ ወይም ከመኪና ጋር ለመጋጨት የተሠራ አይደለም።

ማጠቃለያ

ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሊምፒክ በብስክሌት ተወዳድራለች፤ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። የጎጃም ደጋም ለዚህ ስፖርት የሚመች ከፍታና መልክዓ ምድር አለው። ወጣቶችን ከፍጥነት መከልከል ሳይሆን ፍጥነትን ማስተማር ይገባል፦ ፍሬንን ከጥምዙ በፊት መያዝ፣ በጥምዙ ውስጥ መልቀቅ፣ እያፈራረቁ መጠቀም፣ በመካከል ቆሞ ቸርኬውን ማቀዝቀዝ፣ በጉም ጊዜ ወርዶ መግፋት። ከሁሉ በላይ ነጂው ስለ ፍጥነቱ የገዛ ዓይኑን አለማመን መልመድ አለበት።