ወለምታ የሚመስለው ካንሰር

ርዕሱን አይታችሁ «ይሄ ልጅ ጋዜጠኝነቱን ትቶ ሕክምና ገባ እንዴ?» እንዳትሉኝ። ምክንያት አለኝ። አሥረኛ ክፍል ሳለን ኳስ ስንጫወት የልብ ጓደኛዬን ጉልበቱ ላይ መታሁት። እያነከሰ ወጣ። ወጌሻ አሸው፣ ትንሽ ሻል አለው፣ ከዚያ ሕመሙ ተመለሰ። ቤተሰቡም እኛም «የዚያን ቀን ምት ነው» አልን። ከአራት ወር በኋላ ራጅ ሲነሳ የአጥንት ካንሰር ሆኖ ተገኘ፤ እግሩም ተቆረጠ። እኔ ነኝ ያመጣሁበት ብዬ ለዓመታት አምን ነበር።

ለዚህ ጽሑፍ ሳነብ የካናዳዊውን የቴሪ ፎክስን ታሪክ አገኘሁ። እ.ኤ.አ. በ1976 መኪና ሲነዳ ተጋጭቶ ቀኝ ጉልበቱን ታመመ። ከአደጋው የመጣ መስሎት ወራት ቆየ። በ1977፣ በ18 ዓመቱ፣ ኦስቲዮሳርኮማ የተባለው የአጥንት ካንሰር እንዳለበት ታወቀና እግሩ ከጉልበት በላይ ተቆረጠ። በ1980 ለካንሰር ምርምር ገንዘብ ለማሰባሰብ በሰው ሠራሽ እግር ካናዳን ሊያቋርጥ ተነሣ። በ143 ቀናት 5,373 ኪሎ ሜትር ከሮጠ በኋላ በሽታው ሳንባው ደርሶ አስቆመው፤ በ1981 ሞተ። አደጋው ጉልበቱን አዳክሞ ለበሽታው እንዳጋለጠው ያምን ነበር፤ ሐኪሞቹ ግን አይገናኝም ብለዋል። ምት ቀድሞ የነበረውን ሕመም እንድናስተውል ያደርጋል እንጂ ካንሰሩን አያመጣም። (ይህችን ነገር ስንት ጊዜ ደጋግሜ እንዳነበብኳት!)

አስቸጋሪው ነገር በሽታው ካንሰር አለመምሰሉ ነው። ኦስቲዮሳርኮማ በብዛት የሚታየው አጥንት ቶሎ በሚያድግበት በአፍላነት ዕድሜ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጉልበት አካባቢ ነው። ኳስ ተጫዋች የሚጎዳውስ የት ሆነና! ልጁ ይበላል፣ ይሮጣል፣ ጤነኛ ይመስላል። ዩዊንግ ሳርኮማ የሚባለው ሌላው ዓይነት ደግሞ አንዳንዴ ትኩሳት ያመጣል፤ ያበጠው ቦታም ይሞቃል፤ የደም ምርመራውም ኢንፌክሽን ያስመስለዋል። ዳሌ ውስጥ ከሆነ እብጠቱ ከውጭ አይታይም፤ ልጁ የሚያማርረው ወገቡን ወይም እግሩን ነው። የዳሌ መገጣጠሚያ ሕመም ጉልበት ላይ ሊሰማ ስለሚችል፣ የጉልበቱ ራጅ ንጹሕ ሆኖ በሽታው ከላይ ሊቀመጥ ይችላል። በትንሽ አወዳደቅ አጥንቱ ሲሰበር ገና የሚታወቅበትም አለ።

እኛ ክፍል ውስጥ «አንድ ምንጭ ይዛችሁ ዜና አትጻፉ» እንባላለን። የጓደኛዬን ጉልበት ግን ሁላችንም በአንድ ምንጭ ነው የጻፍነው። የእድገት ሕመም ብዙ ጊዜ ሁለቱንም እግር ያማል፣ ጧት ይለቃል። አንድ ቦታ ላይ የጸና፣ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ፣ ሳምንታት አልፈውም የሚብስ ሕመም ወይም የሚያድግ እብጠት ካለ ከመታሸት በፊት ራጅ ይነሳ። ሳይሰራጭ ከተደረሰበት በኬሞቴራፒና በቀዶ ሕክምና አብዛኞቹ ይድናሉ፤ ሳንባ ከገባ በኋላ ግን ዕድሉ በጣም ይቀንሳል።

ባለፈው ክረምት ጓደኛዬን አግኝቼ ሁሉንም ነገርኩት። በክራንቹ ጫማዬን መታ መታ እያደረገ ሳቀ። «አንተ ደግሞ! ከዚያ በፊትም እኮ ያመኝ ነበር፤ ከቡድኑ እንዳያስወጡኝ ፈርቼ ነው ዝም ያልኩት» አለኝ።